በጀቱ ለማሽኑ፣ ክሱ ለሰውየው

ጋሼ ፔንታጎን፣ እንደምን ሰነበቱ? «እንዴት አደሩ» አላልኩም። እርስዎ እንቅልፍን ከጠላት ጎራ ከመደቡት ቆይተዋል፤ እንዴት አደሩ ብልዎ ነገር ፍለጋ ይመስልብኛል።

«ወታደሩን እናሻሽለዋለን» ይላሉ አሉ። ምን ጎደለው? «ይተኛል፣ ይራባል፣ ይደክመዋል፣ ያመነታል።» ጋሼ፣ እነዚህን አራቱን ከወሰዱበት ምን ይተርፈዋል? መታወቂያው?

አንባቢዬ፣ ጋሼ ዳርፓ የሚባል የምርምር ኤጀንሲ አላቸው። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካ ክው አለች፤ በነጋታው ዓመት ዳርፓ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። 220 ገደማ ሠራተኞች አሉት፤ በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ያንቀሳቅሳል። የኢንተርኔት አባት የሆነውን አርፓኔትን የዘረጋው እሱ ስለሆነ ሞኝ ነው አልልም። ሞኝ ቢሆን ኖሮ መች ይተረባል! ዛሬ የመጣሁት ግን ሰውን ለማጠንከርና ከማሽን ጋር «ቡድን» ለማድረግ በሚያወጣው ገንዘብ ነው።

ከእንቅልፉ እንጀምር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጋሼ አንድ ፕሮግራም አወጡ፤ ዓላማው ወታደሩ ሰባት ቀን ሙሉ ሳይተኛ፣ ሐሳቡም ሳይደበዝዝ እንዲዋጋ ማድረግ ነበር። ኧረ ጋሼ! እግዚአብሔር ራሱ ሰማይና ምድርን ሠርቶ በሰባተኛው ቀን አርፏል። የእርስዎ መቶ አለቃ ከማን ይበልጣል?

ለጥናቱ ሲባል ዶልፊን ተጠና። ዶልፊን አንዱን የአንጎሉን ክፍል አስተኝቶ በሌላው ይዋኛል። በዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በስደት ወቅት እምብዛም ሳትተኛ የምትበር አንዲት ድንቢጥ በእርስዎ ገንዘብ ተጠናች። ግማሽ አንጎሉን አስተኝቶ በግማሹ የሚሠራ ፍጡር ፍለጋ ውቅያኖስ ድረስ መውረድዎ ነው ያሳዘነኝ። ሰኞ ጠዋት የእኛ ሰፈር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጎራ ቢሉ በነፃ፣ ያውም ተሰልፎ ያገኙት ነበር።

ቀጥሎ ምግብ። «ሜታቦሊክ ዶሚናንስ» የሚል ፎካሪ ስም የተሰጠው ፕሮግራም ነበረ፤ ወታደሩ ለቀናት ምግብ ሳይፈልግ ከነሙሉ ጉልበቱ እንዲዋጋ ነው ሐሳቡ። ይህን መሰሉን ምርምር የሚመራውን ክፍል ያኔ የያዙት ማይክል ጎልድብላት የሚባሉ ሳይንቲስት ከየት እንደመጡ ገምቱ። ከማክዶናልድስ! ሕዝቡን በሃምበርገር ወጥረው ሲያበቁ ወታደሩን ጦም ሊያሳድሩ መጡ። ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ያሉ እናቶች ከስቅለት እስከ ፋሲካ አክፍለው፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሲሰግዱ ውለው፣ ሌሊቱን ቆመው አስቀድሰው፣ በመሐል ዶሮውንም ሠርተው ያጠናቅቃሉ። እስከ ዛሬ አንዲትም የምርምር በጀት ጠይቀው አያውቁም።

«ታዲያ በክኒን ብናግዘው ምን አለበት?» ይሉኛል።

ይሄ እንኳን የቆየ አመል ነው። በ1940 ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ብቻ ለጀርመን ምድር ጦርና አየር ኃይል ከ35 ሚሊዮን በላይ የፐርቪቲን ክኒን ታደለ። ፐርቪቲን ማለት ዛሬ ፖሊስ የሚያሳድደው ሜታምፌታሚን ነው። የእርስዎም አየር ኃይል «የመሄጃ ክኒን» እያለ የሚጠራው ዴክሴድሪን ነበረው፤ ሲመለሱ ደግሞ የማስተኛ አለ። መሄጃና መተኛ በሐኪም ማዘዣ!

ሚያዝያ 2002፣ ካንዳሃር አጠገብ። የካናዳ ወታደሮች ሌሊት የተኩስ ልምምድ ላይ ናቸው። ከላይ የሚያልፉ ሁለት አሜሪካውያን የኤፍ-16 ፓይለቶች ከታች ብልጭታ አዩ፤ አንደኛው የተተኮሰው እኛ ላይ ነው ብሎ ቦምብ ጣለ። አራት ካናዳውያን ሞቱ፣ ስምንት ቆሰሉ። ጠበቆቹ «ደንበኞቻችን የሚውጡት ክኒን ፍርዳቸውን አዛብቶት ይሆናል» ብለው ተከራከሩ። አየር ኃይሉ ደግሞ ክኒኑ ምንም አይል፣ የሚወሰደውም በፈቃደኝነት ነው አለ።

በፈቃደኝነት! ፓይለቶቹ የፈረሙትን ፎርም ያየ ሰው ፈቃደኝነቱን ይረዳዋል። መጀመሪያ «የምወስደው በራሴ ፈቃድ ነው» ያሰኝሃል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ያስፈልጋል በተባለበት ጊዜ አልወስድም ካልክ አዛዥህ ከሐኪሙ ጋር መክሮ ለዚያ በረራ ብቁ አይደለህም ሊልህ ይችላል ይላል። ይቺን ሕግ የሚኒባስ ረዳትም ያውቃታል፤ ካልተስማማህ ውረድ ናት።

መጨረሻውስ? የወንጀሉ ክስ ተቋረጠና ቦምቡን የጣለው ፓይለት በ2004 በአስተዳደር ቅጣት የተግሣጽ ደብዳቤ ተሰጠው፤ ከደመወዙም ከ5,000 ዶላር በላይ ተቆረጠ። ክኒኑ ተግሣጽ አልደረሰውም። ክኒኑን ያዘዘው ደንብም ደመወዝ ስለሌለው ምንም አልተቆረጠበትም። ይቺን ነገር ያዟት፤ ኋላ ማሽኖቹ ሲመጡ እንፈልጋታለን።

ፓይለቱ ፎርም ስለፈረመ እንኳ ዕድለኛ ነው። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዋዜማ፣ በ1990 መጨረሻ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለወታደሮች አንዳንድ መድኃኒት ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ እንዲሰጥ በር ከፈተ። ከነርቭ ጋዝ ይጠብቃል የተባለ ክኒን ለብዙ ሺህ ሰው ታደለ። በኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ አማካሪ ኮሚቴ በ2008 ያንን ክኒን ከዘማቾቹ የማይድን ሕመም መንስኤዎች አንዱ አድርጎ ቆጠረው። እዚህ ላይ ተረቡ አልመጣልኝም፤ እንለፈው።

ቡናው ላይ ግን አልምርዎትም። የእርስዎ ጦር ከዋልተር ሪድ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ እያንዳንዷ ፍሬ 100 ሚሊግራም ካፌይን የያዘች ማስቲካ አሠራ። ቡናን ማስቲካ አደረጋችሁት? ጭሱስ? ፈንዲሻውስ? ሐሜቱስ? ሳይታማ የተጠጣ ቡና ደግሞ ማንን አንቅቶ ያውቃል!

ይባስ ብሎ በ2018 የጦሩ ተመራማሪዎች አንድ አልጎሪዝም ይዘው ብቅ አሉ። ስንት ሰዓት እንደተኛህ ይነገረውና መቼ፣ ምን ያህል ካፌይን እንደምትወስድ ያዝልሃል። ንቃትን እስከ 64 በመቶ ያሻሽላል፣ ወይም የሚወሰደውን ካፌይን እስከ 65 በመቶ ይቀንሳል ተባለ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፣ ጋሼ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን መጠኑንም ሰዓቱንም ከነእረፍቱ የደነገግን ሰዎች ነን። ሐቁን ለመናገር ግን ይሄኛው ከክኒኑ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ቢያንስ «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ ይጠይቃል። በእርስዎ ቤት ይቺን ጥያቄ የሚጠይቅ ማሽን መገኘቱ ራሱ እድገት ነው።

እሺ፣ ከውስጥ አልሆን ሲል ከውጭ ይለበስ ተባለ። የብረት አጽም።

ይሄም ፎካሪ ታሪክ አለው። ከ1965 ጀምሮ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በጦሩና በባሕር ኃይሉ ገንዘብ ሃርዲማን የሚባል የሚለበስ ማሽን ሲሠራ ቆየ። ማሽኑ 680 ኪሎ ያነሣል ተብሎ ታቀደ። የማሽኑ የራሱ ክብደት? 680 ኪሎ! ባልና ሚስት ተመጣጥነው ተገናኙ። ከእጅ ከእግሩ ሁሉ ሥራ የሠራው አንድ ክንዱ ብቻ ነበር፤ ሁለንተናውን ባንድ ላይ ሊያንቀሳቅሱት ሲሞክሩ እንደ ለከፈው ሰው ስለሚንፈራገጥ ሰው ውስጡ ሆኖ አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ አልተነሣም። ጋሼ፣ ጠበል ይዘውት ቢሄዱ ይሻል ነበር።

በ2010 ደግሞ ከዩታ ኤክስኦኤስ 2 የተባለ ወጣ። ከባዱን ጭነት ደጋግሞ ያነሣል፣ ኳስም ይመታል፣ ያስቀናል። አንድ ነገር ብቻ፣ ከኃይል ምንጩ ጋር በገመድ ታስሯል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ይሄኛው ግን ገመዱን ቢበጥስ ባለበት ሐውልት ሆኖ ይቀራል። ጦርነቱ የሚደረገው ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ነው? ጠላትስ «እባክህ ትንሽ ቀረብ በል» ተብሎ ይለመናል?

የ2013ቱ ባሰ። የልዩ ኃይሎቹ አዛዥ የነበሩት አድሚራል ዊልያም ማክሬቨን፣ ቢን ላደን የተገደለበትን ዘመቻ የመሩት፣ በር ሰብሮ ቀድሞ የሚገባውን ወታደር ከጥይት የሚያድን ልብስ ይሠራ አሉ። ስሙ ታሎስ፤ ጋዜጠኞች ወዲያው አይረን ማን አሉት። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሳይቀሩ በ2014 «አይረን ማንን እየሠራን ነው» ብለው ቀለዱበት። ለእውነተኛው አይረን ማን ፊልም ልብስ ከሠሩት የሆሊዉድ ባለሙያዎችም ሰው ተጠርቶ ሠራ። ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሰሰ በኋላ በ2019 ልብሱ ለቅርብ ውጊያ አይሆንም ተብሎ ተሰቀለ። ማክሬቨን ያነሡት ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ በር ሲሰብር የሞተ ልጅ አይተው ነው። ሆሊዉድ ግን የማይሆነውን ልብስ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት እንዲሆን ያደርገዋል፣ ትኬትም ይሸጥበታል።

አሁን ወደምወዳት ልምጣ። በቅሎዋ!

ቦስተን ዳይናሚክስ በዳርፓ ገንዘብ በ2005 ቢግ ዶግ የሚባል ባለ አራት እግር ማሽን ሠራ። ተንሸራቶ የማይወድቅ፣ በእርግጫ ቢሉት የሚቆም ጎበዝ። በ2010 ጋሼ 32 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩና ትልቁ ወንድሙ ኤልኤስ3 መጣ፤ 180 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ፣ ነዳጅ ሳይጨምር፣ በ24 ሰዓት 32 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ። በ2014 ሃዋይ ላይ ማሪኖቹ (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች) ዱር ለዱር ይዘውት ዞሩ። መሸከሙንስ ተሸከመ። ችግሩ ድምፁ ነው። የቤንዚን ሞተሩ ሲያጓራ፣ «እዚህ ነን፣ ኑና ግደሉን» እያለ የሚያውጅ ነጋሪት ሆነ። በ2015 መጨረሻ ወደ መጋዘን ገባ። ድምፁ ዝቅ ያለው ኤሌክትሪክ ታናሹ ስፖት ደግሞ 18 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚችለው፤ የአንድ ማሪን ስንቅና ትጥቅ እንኳ አይሞላም። አንዱ ይሸከማል ግን ይጮኻል፤ ሌላው ዝም ይላል ግን አይሸከምም። እኛ መሥሪያ ቤትም ሁለቱም አሉ፤ ደመወዛቸው እኩል ነው።

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ። የእርስዎን በቅሎ ቢጠይቁት ግራ ይገባዋል። አባቱ ፔንታጎን፤ በ2013 ጎግል አጎት ሆኖ ኩባንያውን ገዛው፤ በ2017 የጃፓኑ ሶፍትባንክ ወሰደው፤ በ2021 ደግሞ የኮሪያው ሃዩንዳይ። አሜሪካ ተወልዶ፣ ጃፓን አድጎ፣ ኮሪያ የገባ በቅሎ በአድዋ ዘመን ቢኖር አስተርጓሚ ይሾም ነበር።

እኔን ያሳቀኝ ግን ይሄም አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሪጅፖርት በምትባል ተራራማ ቦታ እኚያው ማሪኖች ትምህርት ቤት አላቸው። እዚያ ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ ሥጋ ለባሽ በቅሎና አህያ እንዴት እንደሚጫን ማስተማር ነው! ጋሼ በአንድ እጃቸው የብረት በቅሎ ያሠራሉ፣ በሌላው የእውነቷን ይጭናሉ። የእውነቷ ሞተር የላትም፣ ሣር ከበላች ነዳጅ አትጠይቅም፣ ገደል ካየችም «አልሄድም» ትላለች። ይቺን የመጨረሻዋን ጠባይ ግን እርስዎ ከጉድለት ነው የሚቆጥሩት።

ቋንቋ ላይም እጅዎ አለ። በ2016 ዳርፓ ቲኤንቲ የሚል ፕሮግራም አስታወቀ፤ አንገት አካባቢ ያለውን ነርቭ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካኩ ወታደሩ ቋንቋንም ሆነ ሌላ ሙያ ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲፈጥን። ጀጎል ውስጥ ያደገ የሐረር ልጅ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ሲናገር ማን ሶኬት ላይ ሰክቶት ነው? አማርኛችንም ብትሆን ከዳርፓ በጀት ቀምሳለች፤ ሎሬላይ የተባለው ፕሮግራም ጽሑፍ ላነሳቸው ቋንቋዎች ማሽን ሲያዘጋጅ አማርኛን ከመማሪያዎቹ ቋንቋዎች አስገብቷታል፤ በ2017 ለፈተና ድንገት የተሰጡት ቋንቋዎች ደግሞ ትግርኛና ኦሮምኛ ነበሩ። ማሽኑ ሦስቱንም ለመስማት ተቀምጧል። እኛስ?

ይሄን ልተወው፣ ነገር ያመጣብኛል።

ወደ «ቡድኑ» እንግባ። አሁን የወጣው ፈሊጥ ይሄ ነው፤ ሰውና ማሽን አንድ ቡድን። ነሐሴ 2020 ላይ በሲሙሌተር የአየር ውጊያ ተደረገ። ሄሮን ሲስተምስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ የሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልምድ ያለውን የኤፍ-16 አስተማሪ ፓይለት 5 ለ 0 ዘረረው። እውነት ነው፣ አልክድም። ማሽኑ ግን የተቃዋሚውን ቦታ በየቅጽበቱ አሟልቶ ያውቅ ነበር፤ ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ስጦታ የሚሰጥ ጠላት የለም። መስከረም 2023 ደግሞ በእውነተኛ አየር ላይ ኤክስ-62ኤ የተባለው አውሮፕላን በማሽኑ እየተነዳ፣ ሰው ከሚነዳው ኤፍ-16 ጋር ተያያዘ። ማን አሸነፈ? «ምስጢር ነው።» ጋሼ፣ ያሸነፈ ልጅ ውጤቱን አይደብቅም፤ እኛ ካርዳችንን በኪሳችን የምንደብቀው መቼ እንደሆነ እናውቃለን።

በግንቦት 2024 የአየር ኃይሉ ሚኒስትር ፍራንክ ኬንዳል፣ የ75 ዓመት አዛውንት፣ በዚሁ አውሮፕላን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ለአንድ ሰዓት ያህል መሪ ሳይነኩ በረሩ። ለድፍረታቸው ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ግን ሚኒስትር ሆኖ ምንም ሳይነኩ ወንበር ላይ መቀመጥን አዲስ ቴክኖሎጂ ብሎ መጥራት እኛ ዘንድ አያስኬድም።

ፓይለቱ ማሽኑን ምን ያህል እንደሚያምነውም ይለካል። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓይለቶችን በማሠልጠኛ ጄት አሳፍረው፣ ሰውነታቸው ላይ ሴንሰር ለጥፈው፣ ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ እየተከታተሉ እምነትን ለኩ። መለኪያው ከሠራ ለአከራይና ለተከራይ አንድ ይላኩልን። ጎን ለጎን የሚበረውን ሰው አልባ አውሮፕላን ደግሞ «ታማኝ አጃቢ» ብለውታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ይሄኛው ግንኙነቱ የተቋረጠ ቀን ምን እንደሚያደርግ ተስፋ አድርገን እናያለን።

ከዚህ ሁሉ ግን የማሪኖቹ ጨዋታ ይበልጣል። ፖል ሻሪ የተባለ የቀድሞ ወታደርና ጸሐፊ በ2023 ባወጣው መጽሐፍ ላይ ያነሣዋል። የዳርፓ መሐንዲሶች ሰው ሲመጣ የሚያውቅ ማሽን ይዘው ማሪኖቹ ጋ ሄዱ። ስድስት ቀን ሙሉ ማሪኖቹ ወዲያ ወዲህ ሲራመዱ ማሽኑ ተማረ። በሰባተኛው ቀን (ደግሞ ሰባተኛ ቀን!) ማሽኑን አደባባይ መሐል አስቀመጡና ስምንት ማሪኖችን «ከሩቅ ተነሡ፤ ሳያያችሁ መጥቶ የነካው ያሸንፋል» አሏቸው።

ሁለቱ 300 ሜትር ያህል እየተገለባበጡ መጡ። ማሽኑ ዝም። ሁለቱ ካርቶን ውስጥ ገብተው፣ ካርቶኑን እንደ ቤት ተሸክመው፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር እያቃታቸው እየተንኳኩ መጡ። ማሽኑ ዝም። አንዱ የጥድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ለበሰና ጥርሱን ገልጦ እየሳቀ ዛፍ ሆኖ ተራመደ። አሁንም ዝም። ስምንቱም ደረሱ። ማሽኑ የሚራመድ ሰው ነው የተማረው፤ የሚገለባበጥ ሰው፣ የሚስቅ ካርቶን፣ የሚሄድ ጥድ በትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ የጎረቤት ማንጎ የሰረቀ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ጋሼ፣ እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ማሽኑ በሚሊዮን። ካርቶኑ ከሱቅ ደጃፍ። ያሸነፈው ማነው? ያሸነፉትስ ሰባት ቀን ያልተኙ፣ ክኒን የዋጡ፣ አጽም የለበሱ ነበሩ? አንድም! የሰለቻቸው፣ የሚሳሳቁ፣ ነገር ማበላሸት የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። እርስዎ ሊያርሙት በጀት የያዙለት ጠባይ ነው ጨዋታውን የጨረሰው።

የማይክሮሶፍቱን መነጽር ባጭሩ ልበል። መጋቢት 2021 ላይ በ10 ዓመት እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተፈረመ፤ ካርታ፣ ጠላት፣ ጓድ ሁሉ ዓይን ፊት ብቅ ይላል ተባለ። የሞከሩት ወታደሮች ራሳችንን አመመን፣ አቅለሸለሸን፣ ዓይናችን ደከመ አሉ። በ2025 መጀመሪያ ፕሮግራሙ አንዱሪል ወደተባለ ኩባንያ እንዲተላለፍ ተደረገ። ራስ ምታት ነው? ይሄን ሁሉ ቢሊዮን ከማውጣት በነፃ የሚሰጥ አለቃ ሞልቶ የለ!

ተረበኛም ቢሆን ሐቅ ይናገራል። በ2006 ዳርፓ እጃቸውን በጦርነት ላጡ ሰዎች የሚሆን ሰው ሠራሽ ክንድ እንዲሠራ ገንዘብ አወጣ፤ ከዚያ የተወለደው ክንድ በ2014 ከዚያው ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አገኘ። እንቁላልም ወይንም ሳይጨፈልቅ ያነሣል። ፒትስበርግ ውስጥ ደግሞ ሰውነቷ የማይታዘዛት አንዲት ሴት አንጎሏ ላይ በተተከለ መሣሪያ የሮቦት ክንድ በሐሳቧ አንቀሳቀሰች። መጀመሪያ የፈለገችው ቸኮላት ራሷ መጉረስ ነበር፤ በ2012 ጎረሰች። ይሄን የሰማ ሰው ሁሉ እሰይ ይላል። በ2015 ግን ጋሼ ምን ይዘው መጡ? በዚያው መሣሪያ የኤፍ-35 ሲሙሌተር በሐሳቧ አበረረች ብለው አስወሩ። ሴትዮዋ ቸኮላት አለች፤ ጋሼ ተዋጊ ጄት አጎረሷት። የእርስዎ መስተንግዶ ሁሌም እንዲህ ነው።

ፈረንሳዮቹ ቢያንስ ጥያቄውን አፍ አውጥተው ጠይቀዋል። በ2020 መጨረሻ የመከላከያ የሥነ ምግባር ኮሚቴያቸው ገደብ ያለው ፈቃድ ሰጠ፤ ሚኒስትሯ ፍሎራንስ ፓርሊም የአይረን ማንን ጥሩር እሺ፣ የስፓይደር ማንን ዘር መቀየር ግን እምቢ አሉ። ልብስህን አውልቀህ ቤትህ መግባት ከቻልክ ይሁን፤ አውልቀህ የማትጥለው ከሆነ ይቅር ነው ነገሩ። ከፈረንሳይ ካቢኔ እንዲህ የጠራ ነገር መምጣቱ እኔንም ገርሞኛል።

አሁን ያቺን ያዟት ያልኳችሁን አምጧት። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በራስ ገዝ መሣሪያዎች ላይ መመሪያ 3000.09 የሚባል ደንብ አለው፤ በ2012 ወጥቶ በጥር 2023 ታድሷል። ኃይል ሲጠቀሙ «ተገቢ ደረጃ» ያለው የሰው ፍርድ ይኑር ይላል። ተገቢ ማለት ስንት ነው? ሰውየው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይፍረድ? ሃያ ድሮን በአንድ እጁ የያዘ፣ በካፌይን የተያዘ፣ መነጽሩ ራሱን ያመመው ልጅ «እሺ» የምትለውን ቁልፍ ሲጫን ፈረደ ይባላል? ደንቡ አይነግረንም። ቦምቡ የወደቀው ያልሆነ ቦታ የሆነ ቀን ግን ጓደኝነቱ ያበቃል። አልጎሪዝም ደመወዝ የለው፣ የተግሣጽ ደብዳቤ አያነብ፣ ችሎት አይቆም። ኩባንያው ውሉን ያሳያል። የሚቀረው ፎርም የፈረመው ልጅ ብቻ ነው። ቡድን የሚሉት ይሄ ከሆነ በጀቱን ማሽኑ በልቶታል፣ ክሱን ሰውየው ይበላዋል።

ይሄ ደግሞ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። ጋሼ በአንድ ወቅት የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸው ቋንቋ አዋቂዎች የምልመላ በር ሲከፍቱ አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድም ልጁ የአሜሪካን ዩኒፎርም የለበሰ ሐበሻ ወላጅ አይጠፋም። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ክኒን፣ ልብስ ወይም ጆሮው ላይ የሚሰካ ነገር ሲሰጠው አትከልክሉት፤ እሱ ትልቅ ሰው ነው። ስልክ ደውሉና አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፤ «በፈቃደኝነት» ከሚለው ቃል በታች ያለውን መስመር ሳያነብ እንዳይፈርም። ቅጂውንም ይጠይቅ።